በፍልሰታ ወደ ጃፓን

እናቴ የሆቴል ፎቶ ስታይ የምታየው አልጋውን ሳይሆን የአልጋውን ጥግ ነው። በሁለት ጣቶቿ ሥዕሉን ታጎላውና አንሶላው ፍራሹ ሥር የታጠፈበትን ቦታ ትፈልጋለች። ካገኘችው በኋላ አንገቷን ዘንበል አድርጋ ትመረምረዋለች። መሃል ከተማ ባለ ሆቴል አሥራ አንድ ዓመት ክፍል አጽድታለች፤ አሁን ደግሞ ሌሎች ያጸዱትን ትቆጣጠራለች። እነሱ ጨርሰው ሲወጡ እሷ ትገባለች። ነጭ ሶፍት ጣቷ ላይ ጠቅልላ የበሩን መቃን አናት ታብሳለች። እዚያ ማን ያያል ብላችሁ ብትጠይቋት፣ "ማንም ስለማያይ ነው የማየው" ትላለች።

ኦሳካ ውስጥ ዋጋው ደኅና የሆነ ሆቴል አግኝቼ እየዘለልኩ ሳሳያት ገና አንድ ጊዜ አይታ፣ "ይሄ አንሶላ አልተቀየረም" አለች።

"እማዬ፣ ፎቶ እኮ ነው!"

"ለፎቶ እንኳን ያልቀየሩት ለእኔ ሊቀይሩ ነው?"

ነገሩ ሁሉ የመጣው ከራሷ አፍ ነው። ከሦስት ዓመት በፊት ቅዳሜ ቅዳሜ ቤተ ክርስቲያን አማርኛ ልማር ስጀምር፣ "አሳምረሽ መጻፍ የቻልሽ ቀን የፈለግሽበት አገር እወስድሻለሁ" ብላኝ ነበር። ታቋርጣለች ብላ ይመስለኛል። አላቋረጥኩም። ዘንድሮ ትምህርቱ ሲያልቅ ሁለት ገጽ ሙሉ ደብዳቤ ጻፍኩላት። ቆማ አነበበችው፤ ተቀምጣ ደግማ አነበበችው። መጨረሻው ላይ አገሩን ጽፌ ነበር።

"ጃፓን?" አለች። "ምን ጥለሽ መጣሽ ጃፓን?"

"ምግብ።"

"እዚህ ተርበሻል?"

ግን ቃሏን ሰጥታለች፤ ቃሏን ደግሞ ምሥክር ባለበት ነው የሰጠችው። ስለዚህ ማቀድ ጀመርኩ፤ በሕይወቴ እንደዚያ ደስ ብሎኝ የሠራሁት ሥራ የለም። ኦሳካ፣ ኪዮቶ፣ ካናዛዋ፣ ቶኪዮ። አሮጌ ገበያዎች፣ አትክልት ቦታዎች፣ ሸክላ የሚሠራባቸው መንደሮች፣ እና በየከተማው ምን እንደሚበላ። ቅንጦት አልፈለግኩም። እናቴ በዓመት አንድ ጊዜ ፈቃድ የምትወጣ ሰው ናት፤ ደኅና አልጋና ንጹሕ ሻወር ይበቃናል። ዋጋ ልቀንስ ብዬ እንደ መሳቢያ በግድግዳ የተደረደሩትን መኝታዎች ሳሳያት ብቻ በጣም ደነገጠች። "በመሳቢያ የሚተኛው ሬሳ አይደለም እንዴ?" አለች። ተውኩት።

እናቴ ከተማችን ዳር ዌስተን የምትኖር ጓደኛ አለቻት፤ እኔ አክስቴ እላታለሁ። ያቺ ምሥክር እሷ ናት። አንድ ቀን እናቴ ድንች እየላጠች ስልኩን በድምፅ ማጉያ ከፍታ ስታወራት እኔ ኮሪደሩ ላይ ነበርኩ።

"ለመሆኑ ልጅቷ ጃፓንን ለምን መረጠች?" አለች አክስቴ።

"ምግብ ትላለች።"

"አንቺም አመንሽ! ልጅ እንዲህ ሲጓጓ ከኋላው ነገር አለ። ጠይቂያት።"

እናቴ ወዲያው አልጠየቀችኝም። እራት በልተን ሳህን ሳጥብ፣ ጀርባዬን ሰጥቻት ሳለሁ፣ "እዚያ የምታውቂው ሰው አለ?" አለች፤ ስለ አየሩ ጸባይ የምትጠይቅ ይመስል።

"አንድም የለም።"

"በኢንተርኔትስ?"

"በኢንተርኔትም!"

ዞር ብዬ ሳያት ያንን የአልጋ ጥግ የምታይበትን ዓይኗን ጥላብኛለች። ሰው ምንም ሳያጠፋ እንዴት ፊቱ ይቀላል? የእኔ ቀላ።

እንደዚያም ሆኖ ሐምሌ ሲጋመስ ጉዞውን ያዝነው። ጃፓን ያለ አንድ አነስተኛ የጉዞ ድርጅት በረራውን፣ ሆቴሎቹንና በከተሞቹ መካከል የምንሄድበትን ባቡር አንድ ላይ አድርጎ በመካከለኛ ዋጋ ሰጠን። ሐሳባችንን ብንቀይር እስከሚቀጥለው ዓርብ እኩለ ሌሊት ድረስ ያለ ቅጣት መሰረዝ ይቻላል። እናቴ እሺ ያለችው ለዚህ ለመጨረሻው ነገር ነው። "መውጫው የማይታይ ክፍል ውስጥ አልገባም" አለች። ፈቃዷ በኦገስት አጋማሽ ያሉት ሁለት ሳምንታት ነው፤ ከዚያ በኋላ ሆቴሉ ስለሚሞላ ለማንም ፈቃድ አይሰጡም። ቀኑን ከእሷ ፈቃድ ጋር ያገጣጠምኩት እኔ ነኝ። በጣም ኮርቼ ነበር።

የየቀኑን ምግብ በትልቅ ወረቀት ጽፌ ፍሪጁ ላይ ለጠፍኩት። የመጀመሪያ ቀን ራመን የሚሉት ባለ ሾርባ ኑድል፣ የአሳማ ሥጋ የሌለበት። ሁለተኛ ቀን ጎመንና እንቁላል በምጣድ የሚጋገርበት ቂጣ። ሦስተኛ ቀን ሱሺ፣ ጥሬ ዓሣ በሩዝ። በየመስመሩ ዳር ትንንሽ ሥዕል ሣልኩ። የለጠፍኩበት ቦታ ደግሞ፣ ሌላ ባዶ ቦታ ስላልነበረ፣ የቤተ ክርስቲያኑ ቀን መቁጠሪያ አጠገብ ነበር።

በማግስቱ እናቴ ውሃ ልትቀዳ ፍሪጁን ልትከፍት ሄዳ ቆመች። እጇ መያዣው ላይ ነው፤ አትከፍትም። ወረቀቴን ታያለች፣ ቀን መቁጠሪያውን ታያለች፣ ወረቀቴን ታያለች።

"ነሐሴ አንድ በፈረንጅ ስንት ነው?"

"ኦገስት ሰባት" አልኩ፤ ገና ሳልጨርሰው ዓይኔ ወደ ቀን መቁጠሪያው ሄደ።

"የምንበረው?"

"ስምንት።"

"የምንመለሰው?"

"አሥራ ዘጠኝ።"

"የምግብ ጉዞ" አለች ቀስ ብላ፣ "በፍልሰታ።"

ፍልሰታ አሥራ አምስት ቀን ነው። እኛ ቤት ሌላውን ጾም ለልጅ ይቅር ሲባል እንኳ ፍልሰታን ሁሉም ይጾማል፤ እኔ ከሰባት ዓመቴ ጀምሮ ጾሜዋለሁ። የትምህርት ቤቱን ቀን አየሁ፣ የእሷን ፈቃድ አየሁ፣ የበረራውን ዋጋ አየሁ፤ ኩሽናችን ውስጥ ተሰቅሎ በየቀኑ የማየውን ወረቀት ግን አላየሁም።

"አውቀሽ ነው?" አለች።

"እማዬ ትሙት! አላወቅኩም!"

"እኔን ለምን ትገድያለሽ? አውቀሽ ነው ወይ ነው ያልኩሽ።"

በማልኩ ቁጥር የበለጠ ውሸታም እመስል ነበር።   በመጨረሻ እሷ አንድ ወንበር ስባ ተቀመጠችና እንደ ዳኛ ፈረደች።

"ስሚ። ቃሌን አላጥፍም። ከሄድን ግን ጾመን ነው የምንሄደው። ሥጋ የለም፣ ወተት የለም፣ እንቁላል የለም። ዓሣ ይበላል የሚሉ አሉ፤ እኔ አልበላም። አሥራ ሁለት ቀን የሚበላ ነገር እንዳለ አሳዪኝ። ካለ እንሄዳለን። ከሌለ ዓርብ ይሰረዛል።"

ተሰረዘ ማለት ደግሞ ለዓመት ነው። በሚቀጥለው ዓመት እኔ የበጋ ሥራ እይዛለሁ፣ እሷም ሌላ ሰበብ ታገኛለች። እናቴን አውቃታለሁ፤ አንዴ ያመለጠ ነገር በእኛ ቤት ተመልሶ አያውቅም።

አሮጌውን ወረቀት ቀድጄ አዲስ ጀመርኩ። ከአኩሪ አተር የሚረጋ ቶፉ፣ ሩዝ፣ በዘይት የተጠበሰ ድንችና ዱባ፣ ከጥቁር ስንዴ የሚሠራ ኑድል፣ የአኩሪ አተር ሾርባ። የተገኘው ብዛት ራሴን አስገረመኝ! አንድ በአንድ ሳሳያት ግን እናቴ ለሁሉም አንድ ጥያቄ ብቻ ነበራት።

"ውሃው ምንድን ነው?"

"የምን ውሃ?"

"የሾርባው ውሃ። ውሃ ብቻውን እንዲህ ቀለም አያወጣም።"

"አኩሪ አተር ነው።"

"እህ" አለች። ይህቺን "እህ" የሰማ ያውቃታል። አምኛለሁ ማለት አይደለም፤ መዝግቤዋለሁ ማለት ነው።

ማክሰኞ ሰፈራችን ኢስት ዮርክ ያለችው ቤተ መጻሕፍት ሄድኩ። ቤታችን ይሞቃል፣ እዚያ ግን አየር ማቀዝቀዣ አለ። ጆሮ ማዳመጫ አድርጌ ያንን የጥቁር ስንዴ ኑድል እንዴት እንደሚሠሩት የሚያሳይ ቪዲዮ ከፈትኩ። ሰውየው ውሃ አፈላ። ከዚያ ከትልቅ ከረጢት ሻይ ቅጠል የሚመስል፣ ሮዝማ ቡናማ የሆነ ስስ ነገር በሁለት እጁ አፍሶ በተነበት። ውሃው ወርቅ መሰለ። ምንድን ነው ብዬ ፈለግኩ። የደረቀ ዓሣ ነው፤ ደርቆ እንደ እንጨት ከጠነከረ በኋላ የተላጠ። የተጣራውን ውሃ ዳሺ ይሉታል። ሌላ ቪዲዮ ከፈትኩ፤ እሱም ውስጥ ዳሺ። የአኩሪ አተሩ ሾርባ ውስጥ ዳሺ። የተቀቀለው ዱባ ውስጥ ሳይቀር ዳሺ! ከወረቀቴ ላይ ያልነካው ሩዝ ብቻ ነበር ማለት ይቻላል።

ጆሮ ማዳመጫውን አወለቅኩ። ያን ጊዜ ያሰብኩትን እንዳለ እጽፈዋለሁ። ዓሣው ተጣርቶ ይጣላል እኮ፤ የሚቀረው ዓሣ የነካው ውሃ ነው፤ ውሃ ደግሞ ውሃ ነው። እሷ ካላወቀች ኃጢአት አይሆንባትም። የሚያውቅ ሌላ ሰው የለም። እንዲህ እንዲህ እያልኩ አንዱን ምክንያት በሌላው ላይ ደረደርኩ፤ ምክንያት ሲበዛ ራሱ እንደሚያስጠረጥር ከእናቴ ተምሬ ሳለ።

ማታ ቤት ስገባ፣ "ምን አገኘሽ?" አለች።

"ደኅና ነው" አልኩ።

"እህ።"

ከዚያ ካርድ ጻፍኩ። ምግብ ቤት ስንገባ የምናሳየው፣ በጃፓንኛ፣ የማንበላውን የሚናገር ካርድ። በኮምፒውተር አስተርጉሜ ፊደሎቹን በእጄ ገለበጥኳቸው፤ ሦስት ጊዜ አበላሽቼ በአራተኛው አማረልኝ። ሥጋ፣ እንቁላል፣ ወተት፣ ዓሣ። ስለ ሾርባ ግን አንድ ቃል አልጻፍኩም። እናቴ ካርዱን በብርሃን ላይ አንስታ አየችው፤ ከላይ ወደ ታች፣ ከታች ወደ ላይ። አንዲት ፊደል እንደማታውቅ እያወቅኩ ልቀበላት እጄን ዘረጋሁ።

"ማን አነበበው?" አለች።

"ኮምፒውተሩ።"

"ኮምፒውተሩ ነው የጻፈው አላልሽም? የጻፈው ራሱ ያነበዋል እንዴ?"

ሐሙስ ከሥራ መልስ፣ የሥራ ጫማዋን እንኳ ሳትቀይር፣ ሰብዌይ ባቡር አስገብታ ከተማው ሰሜን ጫፍ ኖርዝ ዮርክ ወሰደችኝ። ሥራ ላይ ያለች አንዲት ልጅ የነገረቻት ትንሽ የጃፓን ሱቅ አለ። የሱቁ ባለቤት ሰባ ዓመት የሚሆናቸው፣ ሽርጥ ያደረጉ፣ በጣም አጭር ሴትዮ ናቸው። እናቴ ሰላምታ ሰጥታ ካርዱን ባንኮኒው ላይ አስቀመጠችና በእንግሊዝኛ፣ "እባክዎ ያንብቡልኝ፤ ምን ማለት እንዳለበት ግን አልነግርዎትም" አለቻቸው።

ሴትዮዋ ሳቁ። መነጽራቸውን አደረጉ። "ሥጋ አንበላም። እንቁላል አንበላም። ወተት አንበላም። ዓሣ አንበላም። ከልብ እናመሰግናለን።"

"ሌላስ?"

"ይኸው ነው። ማን ጻፈው? የእጅ ጽሕፈቱ ያምራል።"

የእናቴ ትከሻ ወረደ። ጉዞውን ከያዝን ጀምሮ ወደ ላይ ተሰቅሎ የነበረ ትከሻ ነው። "ልጄ ናት" አለች፤ አባባሏ ላይ ኩራት ነበረበት። ያ ኩራት እንዴት እንዳቃጠለኝ! እጇን ይዤ ወደ በሩ ልጎትታት ስል ሴትዮዋ ከኋላችን፣ "ዳሺስ? እሱን ትበላላችሁ?" አሉ።

"እሱ ምንድን ነው?" አለች እናቴ።

ሴትዮዋ ከመደርደሪያው ያንን ከረጢት አወረዱ። ሮዝማ ቡናማ፣ ስስ። የደረቀ ዓሣ እንደሆነ፣ ሾርባው ሁሉ፣ አትክልቱ ሳይቀር በእሱ ውሃ እንደሚሠራ፣ ስለዚህ ዓሣ አንበላም ያልነው እንደማይበቃ ተናገሩ። እናቴ ከረጢቱን ተቀብላ አሸተተችው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። ድምፅዋን ሳታነሳ፣ በአማርኛ፣ "ታውቂ ነበር?" አለች።

አላውቅም ማለት እችል ነበር። ኮምፒውተሩ ላይ መላከክ እችል ነበር። ግን ዓይኗ ወደ እኔ የመጣው ሊይዘኝ አልነበረም፤ አላውቅም እንድላት የፈለገች ይመስል ነበር። እሱ ነው የጣለኝ።

"ማክሰኞ" አልኩ።

 ሴትዮዋ አማርኛ ባይሰሙም የሆነ ነገር ገብቷቸዋል መሰለኝ፣ ቶሎ ብለው ስለ ሌላ ሾርባ ማውራት ጀመሩ። መነኮሳታቸው ሥጋም ዓሣም ስለማይበሉ ሾርባቸውን በደረቀ የባሕር ቅጠል ነው የሚሠሩት አሉ፤ ኪዮቶ ውስጥ ይህን ምግብ የሚያቀርቡ ብዙ ቤቶች አሉ።

እናቴ ሥራ ላይ እንዳለች ሁሉ ቀጥ ብላ ቆማ መጠየቅ ያዘች። "መነኮሳቱ ቤተ ጣዖታቸው ውስጥ ነው የሚያበሉት?"

"እዚያም አለ፣ ከውጭ ተራ ምግብ ቤትም አለ።"

"ለጣዖት የቀረበ ነው?"

"ለቱሪስት የቀረበ ነው" አሉ ሴትዮዋ።

እናቴ አልሳቀችም። አንድ እሽግ የባሕር ቅጠል ገዛች። ለማትሄድበት አገር ቅጠል አትገዛም ብዬ ተስፋ አደረግኩ፤ ወዲያው ደግሞ ሴትዮዋን ላለማሳዘን ይሆናል ብዬ ጠረጠርኩ።

 መሃል ከተማ ባቡር ቀይረን ወደ ቤታችን በሚወስደው ስንሳፈር፣ ፊት ለፊቷ ያለውን መስኮት እያየች፣ "ሥራ ላይ ልጆቹ ሳያጸዱ አጽድተናል ሲሉኝ ይገባኛል" አለች። "ለአንድ ክፍል ሠላሳ ደቂቃ ነው ያላቸው። አንቺን ማን አጣደፈሽ?"

"ዓርብ" አልኩ።

ከንፈሯ ሊስቅ ፈልጎ ከለከለችው፤ በመስታወቱ አየሁት።

"ሳታውቂ ከበላሽው ኃጢአት አይሆንም ብዬ ነው" አልኩ።

"በእኔ ላይ አይሆንም። በማን ላይ ሊሆን ነበር?"

ይህን ከማክሰኞ ጀምሮ አላሰብኩትም ነበር። 

ቤት እንደገባን ካርዱን እንደገና ጻፍኩት። "ከዓሣ የተሠራ ሾርባም አንበላም፤ የባሕር ቅጠል እንበላለን" የሚል ጨመርኩ። ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩላት። አንስታ የሥራ ልብሷ ኪስ ውስጥ ከተተችው።

ዓርብ እኔ ስነቃ ወጥታለች። ያን ቀን የሠራሁትን የቤት ሥራ በዓመት አልሠራሁም፤ ወለሉን ወለወልኩ፣ መስኮት ጠረግኩ፣ የፍሪጁን አናት ሳይቀር አበስኩ። በየመሃሉ የድርጅቱን ገጽ እከፍታለሁ። "ሰርዝ" የሚለው ቁልፍ ቀይ ነው። የይለፍ ቃሉን እሷም ታውቃለች፤ በየትኛውም ደቂቃ ከየትኛውም ፎቅ ልትጫነው ትችላለች። አንዴ ከፍቼ ሳየው ቁልፉ ጠፍቷል። ገጹ ተበላሽቶ ነው አልኩ። ከዚያ ሰርዛው ይሆን አልኩ። ከዚያ ደግሞ ብትሰርዘው የተሰረዘ ይል ነበር አልኩ። አክስቴ ደውላ፣ "ሰረዛችሁት?" ስትለኝ ድምፅዋ ውስጥ ደስታ ያለ መሰለኝና እሷንም ጠረጠርኳት።

እናቴ አመሻሽ ላይ ገባች። ጫማዋን አወለቀች፣ ታጠበች፣ እና ተኛች። ተኛች! እኔ ሳሎን ተቀምጬ እስትንፋሷን አዳምጣለሁ። ተነስታ ምስር በላች። ፀሐይዋ ገና በረንዳው ላይ ነበረች። ከዚያ በላይ አልቻልኩም።

"እማዬ፣ ዛሬ ዓርብ ነው።"

"አውቃለሁ።"

"እኩለ ሌሊት ላይ ያበቃል።"

"የማን እኩለ ሌሊት?"

ስልኬን አውጥቼ ሰዓቱን አየሁ።

"ድርጅቱ ያለው የት ነው? ሆቴሎቹ የት ናቸው?" አለች፤ ምስሩን ጨለፍ እያደረገች። "ቀኑ የሚቆጠረው በእነሱ ሰዓት ነው። ይህን ያህል ዓመት ሆቴል ስሠራ ይህን አጥቼው ነው? እዚያ አሁን ቅዳሜ ጠዋት ነው። ቀኑ ያለቀው፣ እኔ አሥራ አራተኛ ፎቅ ክፍል ቼክ ሳደርግ ነው።"

"ረስተሽው ነው?"

"ሰዓቴን እያየሁ ነው ያሳለፍኩት።"

ካርዱን ከኪሷ አወጣችው፤ ጫፉ ተጣጥፏል። ጠዋት ለሁለት ሰው አስነብባዋለች፤ ለእንግዳ መቀበያው ጃፓናዊ ልጅና ለአንዲት ጃፓናዊት እንግዳ፣ ለየብቻ፣ አንዱ ከሌላው ሳይሰማ። ሁለቱም ስለ ሾርባው አንብበውላታል።

"ታዲያ ቀኑን ሙሉ ለምን አልነገርሽኝም?" አልኩ፤ እየሳቅኩም እያለቀስኩም።

"አንቺ ማክሰኞ ያወቅሽውን ሐሙስ ነገርሽኝ። እኔ ጠዋት የወሰንኩትን ማታ ነገርኩሽ። ማን ይሻላል?"

ዘልዬ አንገቷ ላይ ተጠመጠምኩ። እጄን አላላቀቀችም፤ ግን ፊቷ አልተፈታም።

"በሶ ይዘን እንሄዳለን" አለች። "እዚያ ስንደርስም ስለ ምግቡ የምጠይቀው አንቺን አይደለም። በሁሉም ቦታ ሌላ ሰው ነው የምጠይቀው። ገባሽ?"

"ገባኝ። እስከመቼ?"

ትንሽ አሰበች። የምትቀልድ መስሎኝ ነበር፤ አልቀለደችም።

"ጾሙ እስኪፈታ" አለች።